የሳተላይት ምስልን ቤዝማፕ አድርጎ የቀበሌ ካርታ መሥራት፦ ከላፕቶፕ እስከ መስክ

የመጀመሪያውን የቀበሌ ካርታዬን የሠራሁት በጥድፊያ ነው። ሳምንት ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሼ፣ የሳተላይት ምስል ቤዝማፕ (ከሥር የሚነጠፍ መነሻ ምስል) አድርጌ ጣራ በጣራ ሳልኩ። ዘጠኝ መቶ ምናምን ቤት። ከዚያ ከአንድ ቢሮ ያገኘሁትን የድሮ ፋይል ከፈትኩና የጤና ኬላውን ነጥብ ከላዩ ጫንኩት። ጤና ኬላው ሄዶ ወንዝ ማዶ፣ ዝንጀሮ እንጂ ሰው የማይደርስበት ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ አለ። መስክ ስንወርድ ደግሞ ከሳልኳቸው ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ባዶ ማሳ ብዬ ያለፍኩት ቦታ ላይ መንደር በቅሏል።

ሶፍትዌሩ ምንም አላጠፋም። ምስሉ መቼ እንደተነሳ አላየሁም። የድሮው ፋይል በየትኛው ዳተም (የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ) እንደተሠራም አልጠየቅኩም። ሁለቱን ለማጣራት ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር። ስለዚህ እዚህ ብዙ የምቆየው ከመሳል በፊት ያለው ሥራ ላይ ነው። መሳሉማ እጅ ሲለምድ ይቀላል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ላፕቶፕ፣ በነፃ የሚወርደው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ኪውጂአይኤስ፣ አንድ አንድሮይድ ስልክ፣ ስልኩ ላይ የሚጫነው የመስክ መመዝገቢያ መተግበሪያ ኪውፊልድ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደግሞ ደህና ኢንተርኔት።

1. መጀመሪያ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ወስኑ

ሪዞሉሽን የሚባለው አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት ነው። ላንድሳት 30 ሜትር ነው። ሴንቲኔል-2 10 ሜትር ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፤ ለደን፣ ለሐይቅ፣ ለሰብል ሽፋን ግሩም ናቸው። ለቤት ግን አይሆኑም። ስድስት ሜትር ወርድ ያላት ጎጆ በሴንቲኔል ምስል ላይ አንድ ፒክስል እንኳ አትሞላም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይትም ፒክስሏ ከአስር ሜትር ይበልጥ ነበር። ለግብርናና ለአካባቢ ጥበቃ የተሠራች ናትና ከእሷ ጣራ መጠበቅ የለብንም።

ቤት፣ አጥር፣ የእግር መንገድና የማሳ ወሰን ለማየት ከ1 ሜትር በታች የሆነ ምስል ያስፈልጋል። በ50 ሳንቲ ሜትር ምስል ላይ ያቺው ጎጆ አሥራ ሁለት ፒክስል ትሰፋለች። ክብ መሆኗም ይለያል። በንግድ ከሚሸጡት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጠቀው ወርልድቪው-3 31 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከ2021 ጀምሮ የመጡት ፕሌያድ ኒዮዎች 30 ሳንቲ ሜትር ናቸው።

አንድ ጠቃሚ የቆየ ሕግ አለ። የካርታውን መስፈርት (ስኬል) ሁለተኛ ቁጥር ለ1,000 አካፍሉት፤ የሚመጣው ቁጥር በካርታው ላይ ለይታችሁ ማሳየት የምትችሉት ትንሹ ነገር በሜትር ነው። የምስሉ ፒክስል የዚያ ግማሽ ይሁን። ካርታችሁ 1፡2,000 ከሆነ ሁለት ሜትር የሆነ ነገር ይለያል፤ 1 ሜትር ምስል ይበቃል። 1፡1,000 ከሆነ 50 ሳንቲ ሜትር ትፈልጋላችሁ። ከዚህ በላይ ጥራት መፈለግ ብዙ ጊዜ ዲስክና ኢንተርኔት ማባከን ነው።

2. ምስሉን ወደ ኪውጂአይኤስ አምጡ

ምስል ለመግዛት አትቸኩሉ። ሻጮች በተለምዶ ከማኅደር ለሚሸጡት ምስል 25 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ በትእዛዝ ለሚነሳው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሹ መጠን ብለው ያስቀምጣሉ። በዶላር ነው። መጀመሪያ በነፃ የሚታየውን አሟጡ። የኤስሪ ወርልድ ኢሜጀሪ፣ የማይክሮሶፍት ቢንግና የጉግል ምስል የሦስት የተለያዩ ቀናት ፎቶዎች ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ላይ ደመና ያለበት ሌላው ላይ ጥርት ብሎ ይገኛል።

አመጣጡ እንዲህ ነው። በስተግራ ካለው የብራውዘር ሰሌዳ «ኤክስዋይዜድ ታይልስ» የሚለውን በቀኝ ክሊክ ተጭናችሁ አዲስ ኮኔክሽን ክፈቱ። ስም ስጡት፤ የአገልግሎቱን አድራሻ ለጥፉ፤ አስቀምጡ። አድራሻው ውስጥ ዜድ፣ ኤክስ እና ዋይ በጥምዝ ቅንፍ ተቀምጠው ታያላችሁ። ዜድ የዙም ደረጃው ነው። የቀሩት ሁለቱ የጡቡን ረድፍና ዓምድ ይናገራሉ። ምስሉ እንደ ሴራሚክ በጡብ በጡብ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአብዛኛው አገልግሎት ቅደም ተከተሉ ዜድ፣ ኤክስ፣ ዋይ ነው። በኤስሪ ግን ዜድ፣ ዋይ፣ ኤክስ። ካቀያየራችኋቸው ደብረ ብርሃን ብላችሁ ውቅያኖስ ይመጣላችኋል። አድራሻ መጻፍ ከሰለቻችሁ ኩዊክማፕሰርቪስስ የሚባለውን ፕለጊን ጫኑ፤ የተዘጋጁ ቤዝማፖችን ይዞ ይመጣል።

እዚያው መስኮት ላይ ትልቁ የዙም ደረጃ 18 ተብሎ ተቀምጧል። በዚህ ደረጃ አንድ ፒክስል በእኛ አገር 59 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከተማ ላይ ከሆናችሁ ወደ 19 ከፍ አድርጉት፤ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ገጠር ላይ ግን ብዙ ቦታ ደረጃ 19 ምስል የለውም። ስታጎሉት ግራጫ ጡብ ላይ «ምስል አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ያኔ ቁጥሩን ወደ 18 ወይም 17 መልሱት። ኪውጂአይኤስ ያለውን ምስል ራሱ ለጥጦ ያሳያችኋል። ደረጃ 20 መጣ ማለት ደግሞ ጥራቱ ጨመረ ማለት ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ ያው የደረጃ 18 ምስል ተነፍቶ ነው።

የፈቃድ ነገር ደግሞ አለ። ማየት መቻል ሌላ፣ ከላዩ መሳል መቻል ሌላ፣ ዳውንሎድ አድርጎ ማስቀመጥ ሌላ ነው። የምትሠሩት ማንም ለሚያዋጣበት ነፃ የዓለም ካርታ፣ ለኦፕንስትሪትማፕ፣ ከሆነ የቢንግ ምስል ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈቅዷል፤ የኤስሪም ይፈቀዳል። የጉግል አይፈቀድም። «ማን ያውቅብኛል» ብላችሁ ከጉግል ብትስሉ፣ ሲታወቅ የሚጠፋው የእናንተ የወር ሥራ ነው።

3. ምስሉ የመቼ ነው?

ቤዝማፕ አንድ ፎቶ አይደለም። በተለያየ ቀን የተነሱ ፎቶዎች ተሰፍተው የተሠራ ድሪቶ ነው። የቀበሌው ምሥራቅ የዘንድሮ፣ ምዕራቡ የዛሬ አምስት ዓመት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀኑን በአንድ ቦታ አይታችሁ አትጨርሱ። ከቀበሌው አራት ማዕዘንና ከመሃሉ አምስት ቦታ እዩ።

ጉግል ኧርዝ ፕሮ ላይ ቀኑ ከታች ይጻፋል። የሰዓት ምልክቷን ስትጫኑ ደግሞ ወደ ኋላ ያሉ ዓመታትን አንድ በአንድ ትገልጡታላችሁ። የኤስሪ ዌይባክ ድረ ገጽም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉትን ቅጂዎች ያሳያል። ግን ተጠንቀቁ። ዌይባክ ዝርዝሩ ላይ የሚጽፈው ቀን ቅጂው የታተመበት ነው እንጂ ፎቶው የተነሳበት አይደለም። የ2024 ቅጂ ውስጥ የ2019 ፎቶ መኖሩ የተለመደ ነው። ካርታው ላይ ክሊክ ስታደርጉ በሚወጣው ሳጥን ውስጥ ነው ትክክለኛው ቀን ያለው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ጉዳይ ቀልድ አይደለም። ፒያሳን ከ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት በፊት በተነሳ ምስል ብትስሉ የሌለ ሰፈር ነው የምትስሉት። የከተማ ዳር ቀበሌዎችም እንዲሁ ናቸው። ሁለት ክረምት ያለፈው ምስል አርጅቷል ብላችሁ ጀምሩ።

ወሩም ወሳኝ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው አያስነካም። ደመና ባይኖር እንኳ በነሐሴና በመስከረም ሁሉ ነገር አረንጓዴ ስለሆነ ድንበሩና ማሳው አይለይም። ለማሳ ወሰን እኔ የምወደው የጥርና የየካቲት ምስል ነው። አዝመራ ተሰብስቧል፤ ድንበሩ ላይ የቀረው ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ስፌት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለእርከንና ለወንዝ ዳር አትክልትም ይኸው ወቅት ይሻላል።

4. ምስሉ ቦታው ላይ ነው?

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሳተላይቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ብቻ አያይም፤ ጋደል ብሎም ያነሳል። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ችግር የለም። ገደልና ተራራ ላይ ግን ምስሉ ይጎተታል። ያንን ለማረም የመሬት ከፍታ ሞዴል ይጠቀማሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት የ30 ሜትር ሞዴል ግን የእኛን ገደል በሙሉ አያውቀውም።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ምስሉ ላይ በደንብ የሚታዩ ከአምስት እስከ አሥር ነጥቦች ምረጡ፦ የድልድይ ጫፍ፣ የመንገድ መጋጠሚያ፣ የትምህርት ቤት አጥር ማዕዘን፣ የውኃ ቦኖ። ዛፍ አትምረጡ። ከዚያ ስልኩን ይዛችሁ ሂዱና እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሁለት ደቂቃ ቁሙ። ኪውፊልድ የጂፒኤሱን ንባብ አማካይ አድርጎ ይመዘግባል። ተመልሳችሁ ምስሉ ላይ ጫኑትና በምስሉና በጂፒኤሱ መካከል ያለውን ርቀትና አቅጣጫ ለየነጥቡ ጻፉ።

የስልክ ጂፒኤስ ራሱ ሜዳ ላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። ስለዚህ አንድ ነጥብ 4 ሜትር ቢለይ ምንም አይነግራችሁም። አሥሩም ነጥቦች ወደ አንድ አቅጣጫ 4 ሜትር ከሄዱ ግን ምስሉ ተንሸራቷል። ያኔ ሁለት አማራጭ አለ። በጆስም (የኦፕንስትሪትማፕ መሳያ ፕሮግራም) ወይም በኦፕንስትሪትማፕ ማረሚያ የምትሠሩ ከሆነ ምስሉን ራሱን ገፋ አድርጋችሁ ታስተካክላላችሁ። በኪውጂአይኤስ ከሆነ ምስሉ ላይ እንዳለ ሳሉና መጨረሻ ላይ «ትራንስሌት» በሚለው መሣሪያ ሥራችሁን በሙሉ በልዩነቱ ልክ አንቀሳቅሱት። ነጥቦቹ አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ከተበታተኑ ግን አትግፉ። ችግሩ የተዳፋቱ ስለሆነ አንዱን ስታቃኑ ሌላውን ታጣምማላችሁ። ተዳፋት ላይ ያሉትን ወሳኝ ነገሮች በጂፒኤስ ለቅሙ።

የድሪቶውን ስፌትም ፈልጉ። ቀለሙ በድንገት የሚለወጥበትን መስመር ተከተሉና መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ቁሙ። አንድ ጊዜ እንዲህ ስከተል አስፋልቱ ድልድይ አጠገብ ተቆርጦ ስድስት ሜትር ወደ ጎን ዘሎ አገኘሁት። አንድ መንገድ ነው፤ ግን ግራው የአንድ ቀን ፎቶ፣ ቀኙ የሌላ። እንዲህ ከሆነ የስፌቱን ሁለት ወገን ለየብቻ ፈትሹ።

5. ዳተምና ዞን፦ የጤና ኬላዬ ገደል የገባበት

የድሮዎቹ የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎችና ከእነሱ የተወሰዱ ብዙ ፋይሎች አዲንዳን በሚባል ዳተም ነው የተሠሩት። ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል ደብሊውጂኤስ 84 ይጠቀማሉ። ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ። ለዚያ ነው የሚያሳስቱት። አንዱን በሌላው ቦታ ካነበባችሁት ከ200 ሜትር በላይ ፈቀቅ ትላላችሁ። የእኔ ጤና ኬላ ወንዙን የተሻገረው በዚህ ነው።

ስለዚህ ከሰው ያገኛችሁት ፋይል ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ሁለት መቶ ሜትር የሄደ ከመሰለ መጀመሪያ አዲንዳንን ጠርጥሩ። የፋይሉን ፕሮጀክሽን (ክቡን መሬት ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የሚያሰፍረውን ስሌት) ኢፒኤስጂ 20137 ብላችሁ ስጡት፤ ኢፒኤስጂ የፕሮጀክሽኖች መለያ ቁጥር ነው። ይህ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው። ዩቲኤም ዓለምን በዞን ከፋፍሎ ቦታን በሜትር የሚለካ ሥርዓት ነው። ቦታው ላይ ከገባ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ኢፒኤስጂ 32637 (ያው ዞን በደብሊውጂኤስ 84) ቀይራችሁ አስቀምጡ።

ዞኑንም እዩ። አገራችን በሦስት ዞኖች ላይ ትቀመጣለች። ጋምቤላ 36፣ አዲስ አበባ 37፣ ጅግጅጋ 38። ድንበሩ 36 እና 42 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ጎረቤት ናቸው፤ ግን ድሬዳዋ ዞን 37፣ ሐረር ዞን 38 ነው። ሁለቱን ባንድ ፋይል የምትሠሩ ከሆነ አንዱን ዞን መርጣችሁ ጽኑ።

ስፋት የምትለኩ ከሆነ ደግሞ ይህን አትርሱ። ቤዝማፑ የሚመጣበት ፕሮጀክሽን፣ ዌብ መርካቶር፣ ኢፒኤስጂ 3857፣ ስፋትን ያጋንናል። አዲስ አበባ ላይ 2.5 በመቶ፣ መቀሌ ላይ 6 በመቶ ገደማ። አራት ጥማድ ያለው ገበሬ መቀሌ አካባቢ ሩብ ጥማድ ሊጠጋ በወረቀት ላይ ተጨመረለት ማለት ነው። ጎረቤቱ ይህን ከሰማ ካርታውን እናንተው ታስረዳላችሁ። ምስሉ በ3857 ይምጣ፤ የእናንተ ሌየር (የምትስሉበት ንብርብር) ግን በዩቲኤም ይሁን።

6. ፋይሉን በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ

ሼፕፋይል የሚባለውን የቆየ የካርታ ፋይል ዓይነት አትጠቀሙ። ምክንያቱን ላስረዳ። ሼፕፋይል ለሠንጠረዡ የዓምድ ስም የሚሰጠው አሥር ባይት ነው። አንድ የፊደላችን ሆሄ በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ሥርዓት) ሦስት ባይት ይበላል። ስለዚህ የዓምድ ስም ሦስት ሆሄ ላይ ይቆረጣል። «የባለቤት ስም» ያላችሁት «የባለ» ሆኖ ይቀራል። ጂኦፓኬጅ የሚባለው የፋይል ዓይነት ይህ ጣጣ የለበትም፤ እንደ ሼፕፋይል በብዙ ትንንሽ ፋይል ሳይበተን ሁሉም ሌየር ባንድ ፋይል ውስጥ ይገባል። ለማንም ስትልኩ «ይቺን ትንሿን ፋይል ረስተኸዋል» የሚል ስልክ አይደወልላችሁም።

የቦታ ስም አጻጻፍም ከመጀመሪያው ይወሰን። «ዓለም ገና» እና «አለም ገና» ለኮምፒውተር ሁለት ቦታ ናቸው። ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ሀ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። አንድ የስም ዝርዝር አዘጋጁና ሁሉም ከዚያ ይምረጥ፤ በእጅ አይጻፍ።

7. መሳል

ሦስት ሌየር ይበቃችኋል፦ ለቤት ፖሊጎን (ዝግ ቅርጽ)፣ ለመንገድ መስመር፣ ለአገልግሎት መስጫ ነጥብ። ስናፒንጉን (ነጥብን ከነጥብ የሚያገጣጥመውን) አብሩ። ማሳ የምትስሉ ከሆነ መደራረብን የሚከለክለውን አማራጭም አብሩ፤ ያኔ ሁለተኛው ማሳ የመጀመሪያውን ወሰን ራሱ ይይዛል። ቅርጽ መሳያ የሚባለውን የመሣሪያ ረድፍ አውጡ። ለቆርቆሮ ቤት በሦስት ነጥብ የሚሠራውን አራት ማዕዘን፣ ለጎጆ ክቡን ተጠቀሙ። ጎጆን በእጅ አሥራ አምስት ጊዜ እየነካችሁ አትሳሉ፤ እኔ ሳምንት የፈጀሁት በዚህ ነው። የስዕል መስፈርቱን 1፡500 ላይ አቁሙና አትቀያይሩት። አንዴ አቅርባችሁ አንዴ አርቃችሁ ስትስሉ ጥራቱ ይዘበራረቃል።

አሁን ዋናው ነገር ማንበብ ነው። ምስሉ ላይ ያለው ምንድን ነው?

አዲስ ቆርቆሮ ያንጸባርቃል፤ ዓይን የሚወጋ ነጭ ነው። ያረጀው ቡናማ ነው። የሣር ጎጆ ግራጫ ሆኖ መሃሉ ላይ ትንሽ ጫፍ ይታያል፤ ከጎኑ ጥላ ይጥላል። ጥላ የሌለው፣ ጠፍጣፋና ገረጣ ያለ ክብ ካያችሁ ጎጆ አይደለም፤ አውድማ ነው። ጀማሪ ሁሉ አውድማን ቤት ብሎ ይስላል። ቀጥ ባለ መስመር የተከበበ፣ ጥቁር አረንጓዴ አራት ማዕዘን ባሕር ዛፍ ነው። ጎጃምና ደቡብ ጎንደር ላይ ደግሞ በቢጫ ማሳ መሃል ክብ ሆኖ የሚታይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ታያላችሁ፤ መሃሉን አቅርባችሁ ብታዩት ክብ ጣራ አለ። ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ አዲስ ቦታ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው፤ ሰውም መስክ ላይ መጀመሪያ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ። ጉራጌ ላይ ከሆናችሁ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋውን ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ መንገድ አይደለም ብላችሁ አትዝለሉት። ጀፎረ ነው፤ መንገድም አደባባይም ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ያለው ጥቁር አረንጓዴ እንሰት ነው።

ጥላው ብዙ ይናገራል። እነዚህ ሳተላይቶች በአብዛኛው የሚያልፉት ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ፀሐይ በምሥራቅ በኩል ስለሆነች ጥላው ወደ ምዕራብ ይወድቃል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ጥላው ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሄዳል። ዓይናችን ግን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ነው የሚያምነው። ውጤቱ አስቂኝ ነው። የጀማን ሸለቆ ስታዩ ተራራ ይመስላችኋል፤ ወንዙ በተራራ ጫፍ ላይ ይፈሳል! ኪውጂአይኤስ ግርጌ ላይ ካለው የማሽከርከሪያ ሳጥን 180 ጻፉ። ካርታው ሲገለበጥ ገደሉ ገደል ይሆናል።

ጉግል ለአፍሪካ ያወጣው የቤቶች ዳታ፣ ኦፕን ቢውልዲንግስ፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አውርዳችሁ መነሻ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ከተማ ላይ ብዙ ሥራ ያቃልላል። ገጠር ላይ ግን ቋጥኝን ቤት ሲል፣ ተጠጋግተው ያሉ ሦስት ጎጆዎችን አንድ ሲያደርግ አይቻለሁ። እያያችሁ አጣሩት።

8. ለመስክ ማዘጋጀት

መስክ ላይ ኔትወርክ የለም ብላችሁ ተነሱ። በፕሮሰሲንግ ሳጥን ውስጥ ምስሉን ወደ ኤምቢታይልስ (ጡቦቹን ሁሉ ባንድ የሚይዝ ፋይል) የሚቀይር መሣሪያ አለ። የቀበሌውን ክልል ስጡት፤ ዙሙን ከ14 እስከ 19 (ደረጃ 19 ምስል ከሌለ እስከ 18) አድርጉት። ከዚያ በፊት ግን አስሉ። ዙም 19 ላይ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 175 ጡብ ይፈልጋል። 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ያለው ቀበሌ ከነታችኛዎቹ ደረጃዎች ወደ 7,000 ጡብ ይሆናል፤ በግምት ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት። ይህ ስልክ ላይ ምንም አይደለም። ወረዳውን በሙሉ ልውሰድ ካላችሁ ግን ላፕቶፑም ኢንተርኔቱም ይሰግዳል። ጡብ ጅምላ ማውረድን የማይፈቅዱ አገልግሎቶችም አሉ፤ ለኦፍላይን ተብሎ የተፈቀደውን ምረጡ። ኤስሪ ለዚህ ብሎ ለብቻ ያዘጋጀው አለው።

የፕሮጀክቱን ፋይል፣ ጂኦፓኬጁንና ኤምቢታይልሱን ባንድ ፎልደር ወደ ስልኩ ገልብጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ክፈቱት። እዚያው ቢሮ ውስጥ ካልተከፈተ ተራራ ላይ አይከፈትም።

9. ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ

ስልኩ እያለ ወረቀት ለምን? ሰው በስልክ ስክሪን ላይ አይሰበሰብም። የገጠር መሬት ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሲሠራ የተሄደበት መንገድም ይኸው ነው፤ ምስሉ በትልቁ ታትሞ መስክ ይወርዳል፣ ባለይዞታውና ጎረቤቶቹ ባሉበት ወሰኑ በስክሪብቶ ይሰመርበታል። ኤ3 ወረቀት በ1፡2,000 ሲታተም 840 በ594 ሜትር ይሸፍናል። የሳላችሁትን በቀጭን ቢጫ መስመር አትሙት፤ ቀይ በጥቁር አረንጓዴ ላይ አይታይም። ለጽሑፉ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ምረጡ፤ አለዚያ ስሞቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ይታተማሉ።

ወረቀቱን መሬት ላይ ስትዘረጉ ሰሜኑን ከእውነተኛው ሰሜን ጋር ግጠሙት። «ሰሜን ወዲህ ነው» እያላችሁ አታስረዱ። ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ ወንዙን፣ ፀሐይ መውጫውን አሳዩ፤ ሌላውን እነሱ ይነግሯችኋል።

አንድ ቀን እንዲህ ዘርግተን አንድ አባት ቁጢጥ ብለው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ በዱላቸው ጫፍ እኔ ጎጆ ብዬ የሳልኳትን ክብ ነካ አደረጉ።

«ልጄ፣ እዚህ ማንን ልታስገባ ነው?»

«ቤት አይደለም እንዴ አባባ?»

«የእኔ አውድማ ነው። ይኸው ዋርካው፣ ይኸው ጥላው። ቤቴማ እዚህ ነው» አሉና ዛፍ ብዬ ያለፍኩትን ጥቁር ነጠብጣብ አሳዩኝ። ጣራው በቅጠል ተሸፍኖ ከሰማይ አይታይም ነበር። በዚያን ቀን ብቻ ከዛፍ ሥር አሥራ አንድ ቤት አገኘን።

ስለዚህ መስክ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። የሌለ ምን ስለናል? ያለ ምን ዘለናል? ስሙ ምንድን ነው? መልሱን እዚያው ኪውፊልድ ላይ አስገቡ፤ ፎቶ አያይዙበት። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ወደ ላፕቶፑ ገልብጡ፤ አንድ ቅጂም ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። ስልክ ወንዝ ሲሻገሩ ይወድቃል።

ካርታውን ስታስረክቡ ግርጌው ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ምስሉ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደተነሳ፣ መስክ የተረጋገጠበት ቀን፣ ዳተሙና ዞኑ። የምስሉ ቀን ሁለት ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ፤ የትኛው ክፍል የየትኛው እንደሆነም በትንሽ መስመር ለዩት። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በአውሮፓ፣ ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. የምትለዋን አትርሱ። እኔ አንዴ ረስቻት የ2012ን ምስል ሰባት ዓመት ሙሉ አስረጅቼዋለሁ።